በሦስት ቀን ውስጥ ያልተወጋሁት መርፌ

መጀመሪያ ያየሁት የዓይኑን ነጭ ነው። በተወለደ በማግስቱ ጠዋት ላጠባው ወደ መስኮቱ ሳዞረው ነጩ ቢጫ ሆኗል። እርድ የነካ ጣት የዳሰሰው ይመስል ነበር። ከሰዓት በኋላ ግንባሩ ቢጫ ሆነ፤ ሲመሽ ደረቱ። ጡት መሳብ ተወ። ልቅሶው ቀጠነ።

ሁለተኛ ልጄ ነበር። የመጀመሪያዋ ሰናይት ያኔ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ጤነኛ፣ ጉንጫም፣ ዝናብ ላይ ቢያስቀምጧት የማያስነጥሳት። እንደ እሷ ይሆንልኛል ብዬ ነበር።

የምንኖረው ጎፋ ነበር፣ ከባሌና ከእናቱ ጋር። የሁለቱንም ስም አልጽፍም። እሷ ሞታለች፤ እሱ ሌላ ቤት አለው። ይህን የምጽፈው እንደኔ ለሆኑ ሴቶች ነው። በመሐል የምቆጥረው ቂም ካለ፣ የኔ ነው፤ አልደብቀውም።

የባሌ እናት ልጁን አየችውና፣ «የወፍ በሽታ ነው» አለች። «ሐኪም አያውቀውም። መካኒሳ ያለው ባለመድኃኒት ይምጣ።»

«ሐኪም ቤት ይሂድ» አልኩ።

«ማን ይዞት ይሂድ? አንቺ አራስ ነሽ። አርፈሽ ተኚ።»

ባለመድኃኒቱ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ቅጠል ጨምቆ ጠብታውን ምላሱ ላይ አደረገለት። በአራተኛው ቀን አንገቱ ወደ ኋላ ተቆለመመ። ጀርባው ደጋን ሆነ። ጮኸ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮኸው። ከዚያ ዝም አለ።

ክርስትና አልተነሳም ነበርና ስም አልነበረውም። ፍትሐትም አልተደረገለትም። ወንዶቹ ይዘውት ወጡ፤ እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ። የት እንደቀበሩት እስከዛሬ በትክክል አላውቅም። ስጠይቅ «ተይው፣ ጥሩ አይደለም» ይሉኛል።

ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ሦስተኛውን አረገዝኩ። ያኔ ንፋስ ስልክ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራ ነበር። ስምንተኛው ወር ላይ፣ የስፌት መኪናዬን ፔዳል እየረገጥኩ ሳለሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ እንዳልተንቀሳቀሰ ትዝ አለኝ። ቆም ብዬ ጠበቅሁ። ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣሁ። በጎኔ ተኛሁ። ምንም የለም።

ከሁለት ቀን በኋላ ወለድኩት። ሞቶ ነው የወጣው። አብጦ ነበር፤ ሆዱ፣ ፊቱ፣ እግሩ። አዋላጇ ጨርቅ ጣለችበት።

«ግለጪው» አልኳት።

«ባታዪው ይሻልሻል።»

«ግለጪው።»

ገለጠችው። አየሁት። ሸፈነችው።

ከዚያ በኋላ ስሜ ተቀየረ። ልጅ እያከታተለ ለሚሞትባት ሴት ሰፈሩ የሰጠው ስም አለ፤ ሾተላይ ይሉታል። መንፈስ ነው ይላሉ፤ ሴቲቱ ላይ ሰፍሮ የምትወልደውን የሚያርድ። መያዙ ብቻ አይደለም። ይጋባል ይላሉ። ቦኖ ውኃ ልቀዳ ተሰልፌ፣ ከኋላዬ አንዲት ጎረቤት ለእርጉዝ ልጇ በሹክሹክታ ስትነግራት ሰማሁ።

«ከእሷ በኋላ አትቅጂ። ወደዚህ ነይ።»

«ኧረ እማዬ፣ ትሰማለች።»

«ትስማ። የኔን የልጅ ልጅ እሷ ልትወልድልኝ ነው?»

ጀሪካኔን አንስቼ ሄድኩ። ፋብሪካም አጠገቤ የነበረችው ልጅ ባረገዘች ጊዜ ቦታ ቀየረች። ወገቤን ያመኛል፣ በር አጠገብ ይሻለኛል አለች። ከበሩ በኩል ነፋስ ይገባል። ሁላችንም እናውቃለን።

የባሌ እናት ክታብ አሠራችልኝ። ወገቤ ላይ አሰርኩት። ዶሮ በራሴ ላይ ሲያዞሩም ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አላመንኩም ነበር ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። አምኜ ነበር። ሁለት ልጅ የቀበረ ሰው ያልሰጡትን እንኳ ያምናል።

አራተኛውን ሳረግዝ ለማንም አልነገርኩም። ያወቀው ታናሽ ወንድሜ ግርማ ነው። ከሳሪስ በጎፋ መካኒሳ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኝና ጋቢና አስገባኝ። ትንሽ ሄዶ ፊቱን ሳያዞር፣

«እትዬ፣ አርግዘሻል» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ስንት ዓመት እርጉዝ ሳመላልስ ነው የኖርኩት። ሆዷን በክንዷ ይዛ የምትገባ አንድ ሰው ሳይሆን ሁለት ሰው ናት።»

አለቀስኩ። እሱ መንዳቱን ቀጠለ። በማግስቱ መሐል ከተማ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ወሰደኝ። የማህፀን ሐኪሙ ሸበቶ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነበር። ደም አስወሰደኝ። ሰናይትን የወለድኩበት ጤና ጣቢያ ያለው የድሮ ካርዴ እንዲመጣ አዘዘ። ግርማ ሁለት ቀን ተመላልሶ አስወጣው።

ሐኪሙ ካርዱን አንዴ አነበበ። መልሶ አነበበው።

«ደምሽ ኦ ነው፣ አርኤች ኔጌቲቭ» አለኝ። «እዚህ ላይ አዋላጇ ጽፋለች። የልጅቱ ደም ፖዘቲቭ ነው፣ እናቲቱ በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ አንቲ-ዲ እንድትወጋ ለባሏ በጽሑፍ ተሰጥቷል ይላል። ተወግተሻል?»

«ምን ተወግቼ?»

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ሰናይትን የወለድኩ ቀን ብዙ ደም ፈሶኝ ነበር። ደክሜ ተኝቻለሁ። አዋላጇ ወረቀቱን የሰጠችው ኮሪደር ላይ ለቆመው ለባሌ ነው። ጤና ጣቢያው መርፌው የለውም፤ መሐል ከተማ ካለ ፋርማሲ አምጥቶ፣ እኔንም ይዞ መመለስ ነበረበት። ሦስት ቀን ነበረው።

የዚያን ዕለት ከሆስፒታል ስመለስ እናትና ልጅ ሳሎን ተቀምጠዋል። ነጠላዬን ሳላወርድ ጠየቅኩት።

«ሰናይት የተወለደች ቀን የተሰጠህን ወረቀት ምን አደረግከው?»

እናቱን አየ። «የትኛው ወረቀት?»

«የመርፌው።»

«ለጉልበት ነው ብዬ ነበር» አለ። «ደም ስለፈሰሰሽ የታዘዘ ቫይታሚን መስሎኝ። ለእማዬ አሳየኋት።»

እሷ አልተደናገጠችም። «እኔ ነኝ ይቅር ያልኩት» አለች። «ምን ላድርግ? አስር ቀን ያልሞላትን አራስ፣ ደሟ እየፈሰሰ፣ በቀትር ፀሐይ ታክሲ ላይ ልስቀላት? ምች ቢመታሽ ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆመሽ ትፋጠጪኝ ነበር?»

«ለምን ለኔ አልተነገረኝም?»

«አራስ እንዲህ ያለ ነገር አይነገራትም።»

«ልጆቼስ?»

«የሰጠ ወሰዳቸው።»

ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ክፉ አስባ አልነበረም። ለኔ ፈርታ ነው። እህቷ በአራስነቷ ምች መትቷት ሞታለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው እንጂ እንዳልቀየማት ስለረዳኝ አይደለም። የባሰውም ይኸው ነው። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ሰውነቴ ልጆቼን ለምን ጠላቸው አልኩት። ወንበሩን ወደኔ አስጠጋ። የነገረኝን እንዳስታወስኩት እጽፈዋለሁ፤ ለብዙ ሴቶች ያላስረዷቸው ይህን ነውና።

«አልጠላቸውም» አለ። «ፅንስ ግማሹን ከአባቱ የወሰደ ስለሆነ ለሰውነትሽ ባዕድ ነው። እንደ ማንኛውም ባዕድ ነገር ሊያባርረው ይገባ ነበር። ግን ፅንሱ ገና በዓይን የማይታይ ነጥብ ሳለ፣ አንቺም ማርገዝሽን ሳታውቂ፣ ለሰውነትሽ መልእክት ይልካል። ሆርሞን ይልካል፤ ሌላም ገና ጠንቅቀን ያላወቅነው ብዙ ነገር ይልካል። የሰውነትሽ መከላከያ ያንን ይቀበልና ይለዝባል። ማህፀንሽ አካባቢ ያሉት ነጭ የደም ሴሎች መዋጋቱን ትተው የእንግዴ ልጁ ሥር እንዲይዝ ያግዛሉ።»

«የኔዎቹ አልላኩማ?»

«ልከዋል። አንቺም ተቀብለሻል። ባይሆን ስምንትና ዘጠኝ ወር አትሸከሚያቸውም። ችግሩ ደሙ ላይ ነው። ልጅቱን ስትወልጂ የተወሰነ ደሟ ወደ ደምሽ ገባ። የልጅቱ ደም በውጭው ላይ አንቺ የሌለሽ ምልክት አለው፤ አርኤች የምንለው። እዚያ ‹ለዝቡ› የሚል መልእክት የለም። መከላከያሽ ጠላት ነው አለ። አንቲቦዲ ሠራ። መልኩንም መዘገበ። ከዚያ ወዲህ ያረገዝሻቸው ፖዘቲቮች ስለሆኑ አንቲቦዲው በእንግዴ ልጁ አልፎ ደማቸውን አፈረሰው። ልጁን ቢጫ ያደረገው የፈረሰው ደሙ ነው። ያበጠውም እንዲሁ።»

«መርፌውስ?»

«መርፌው የገባውን ደም መከላከያሽ ሳያየው ያጠፋው ነበር። አሁን አይቶታል። ካየ በኋላ መርፌው አይሠራም።»

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። መንፈስ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መንፈስ ከውጭ ነው። ለካ የኔው ሰውነት በአንድ በኩል የልጁን ቃል ሰምቶ እያቀፈው፣ በሌላ በኩል ደሙን ያፈርስ ነበር። በአንድ ሆድ ውስጥ። በአንድ ጊዜ። እኔ ደግሞ በላዩ ክታብ አስሬ ልብስ እሰፋ ነበር። የዚያን ቀን ክታቡን ፈታሁት፤ ግን አልቀለለኝም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቅና ማዳን የተለያዩ ናቸው።

ከዚያ በኋላ በየወሩ፣ ኋላ በየሁለት ሳምንቱ ደም ይወሰድ ነበር። አንቲቦዲው ከፍ አለ። እንደገና ከፍ አለ። ለልጁ ስም አላወጣሁም። ልብስ አልገዛሁም። ሲንቀሳቀስ እጄን ሆዴ ላይ አላደርግም ነበር። ዘግናኝ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ፍርሃት ያለባት ሴት ይህን ስታነብ ብቻዋን እንዳልሆነች ትወቅ።

ሐኪሙ አንድ ቀን አልትራሳውንድ ካየ በኋላ፣ «ሰላሳ አራተኛው ሳምንት ላይ እናወጣዋለን» አለኝ። «ከቆየ እንደ ሦስተኛው ይሆናል። ከወጣ ደግሞ ገና አልበሰለም። ሁለቱም መጥፎ ነው። ያነሰውን መጥፎ ነው የመረጥኩት። ከተወለደ ወዲያው ደሙን ልንቀይረው እንችላለን። ኦ ኔጌቲቭ ደም አዘጋጁ። ከወንድም ከእህት ጀምሩ።»

ግርማ ተመረመረ። ኦ ኔጌቲቭ ሆነ። ባሌ ፖዘቲቭ መሆኑ የታወቀ ነው። ባሌ እንዲያው ሌላ ሰው ልፈልግ አላለም። እናቱ ጠበል ልትወስደኝ ፈልጋ እምቢ ስላልኳት ሁለቱም አኩርፈው ነበር።

በቀዶ ሕክምና ተወለደ። ወንድ ነው። አለቀሰ። ከእትብቱ የተወሰደው ደም ሐኪሙ እንደፈራው ሆነ። የሕፃናት ሐኪሞቹ ኤክስቼንጅ ትራንስፊዥን የሚሉትን አደረጉለት፤ በእትብቱ ቀጭን ቱቦ አስገብተው በሲሪንጅ ትንሽ እያወጡ ትንሽ እየተኩ፣ ሙሉ ደሙን በግርማ ደም ቀየሩት። ግርማ ክንዱ ላይ ጥጥ ይዞ አልጋዬ አጠገብ መጣ።

«እትዬ፣ ልጅሽ ከዛሬ ጀምሮ የሹፌር ደም አለበት። ፍሬን አያውቅም፤ አስቢበት።»

ከወለድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ስፌቴን አመመኝ።

በሁለተኛው ቀን ቢሊሩቢኑ ተመልሶ ወጣ። የፈረሰ ደም የሚተወው ቢጫው ነገር ነው፤ ከበዛ ወደ አንጎል ይገባል። ከሕፃናት ሐኪሞቹ አንዷ፣ ገና ወጣት ናት፣ መጥታ ቆመች።

«እንደገና መቀየር አለበት።»

«ቀይሩት።»

«ደም የለም። ደም ባንክም ኦ ኔጌቲቭ አልቋል። የወንድምሽን ዛሬ እንደገና አንወስድም።»

ከኢንኩቤተሩ መስታወት ውጭ ቆምኩ። ዓይኑን ሸፍነው ብርሃን ሥር አስተኝተውታል። ቢጫ ነበር። እጁን አልከፈተም። ሰዓቱ ሄደ። ሁለተኛው ልጄ በአራተኛው ቀን የሆነውን አስታወስኩ። አንገቱን ማየት ፈራሁ። ማየቴን ግን አልተውኩም።

ባሌ ያን ቀን አልመጣም። ከእናቱ ጋር ጠበል ሄደው ነበር። ይህን ጽፌያለሁ።

ግርማ ጎፋ ታክሲ ተራ ሄደ። ተራ አስከባሪው ጓደኛው ነው። ሾፌሩን፣ ረዳቱን፣ የተሰለፈውን ሁሉ ለመኑ። ኋላ ግርማ እንደነገረኝ፣ «ሳሪስ ሳሪስ በምልበት አፌ ኦ ኔጌቲቭ ኦ ኔጌቲቭ እያልኩ ጮህኩ፤ አንዱ ‹የት ነው እሱ፣ አዲስ መስመር ነው?› አለኝ።» ሾፌሮቹ መኪናቸውን ተራ ላይ ትተው ሄደው ተመረመሩ። አንዳቸውም ኔጌቲቭ አልነበሩም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከመካኒሳ መኪና የወረደ አንድ ጎልማሳ መምህር ጩኸቱን ሰምቶ ቆመ። ደሙን ያውቃል፤ ከዚህ በፊት ሰጥቷል። ደብተሩን ብብቱ ሥር እንዳደረገ መጣ።

ከአንድ ቀን በላይ አልፎ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ደሙ ተቀየረ። ቢጫው በዚያው ወረደ።

ዮናስ አልነው። በአምስተኛው ሳምንት፣ ከአንድ ዶሮ ብዙም ሳይከብድ፣ በጋቢ ጠቅልዬው ከሆስፒታል ወጣሁ፤ ግርማ ሚኒባሱን ባዶውን ይዞ መጥቶ፣ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቆም እያለ፣ ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ቢነፉበትም ሳይመልስ፣ እስከ ጎፋ በእግረኛ ፍጥነት ነዳን። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ረጅምና ጸጥ ያሉ ነበሩ። ጡት መሳብ ቀስ ብሎ ተማረ፤ ኪሎው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨመረ፤ የኔም ስፌት ዳነና ሰናይትን ይዤ ወደ ፋብሪካው መንገድ መሄድ ቻልኩ፤ ሆዴ ላይ እጄን ማድረግ የፈራሁት ሴት ቀኑን ሙሉ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ትንፋሹን የምቆጥር ሆንኩ።

ዓመት ሊሞላው ሲል በር ተወርውሮ ሲዘጋ እንደማይደነግጥ አየሁ። ስሙን ከኋላው ጠራሁ። አልዞረም። እንደገና ጠራሁ።

ሐኪሟ መረመረችው። «የመስሚያ ነርቩ ተጎድቷል» አለች። «ደም ስንፈልግ ባለፈችው ቀን ይመስለኛል።»

የባሌ እናት ስትሰማ፣ «ሾተላዩ ነፍሱን መውሰድ ሲያቅተው ጆሮውን ወሰደ» አለች። ለጎረቤትም እንዲሁ ነገረች። ዮናስ አራት ዓመት ሳይሞላው ባሌና እኔ ተለያየን። ኋላ ያገባት ሴት ሦስት ጤነኛ ወለደችለት። ሰፈሩ ያንን እንደ ማስረጃ ቆጠረው፤ እሱ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ እሷ ነበረች አሉ። የሴቲቱ ደም ፖዘቲቭ ስለሆነ ነው ብል ማን ይሰማኛል? አንድም ሰው አላስረዳሁም።

ዮናስ መካኒሳ በሚገኝ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ተማረ። ዛሬ ላፍቶ የእንጨት ሥራ ቤት ይሠራል። እጁ ብርቱ ነው። በእጁ ያወራል፤ እኔም በእጄ እመልሳለሁ። ከጠራሁት ትከሻውን ነው የምነካው።

አሁን ለምታነቢው። ስታረግዢ በመጀመሪያው ክትትል የደምሽን ዓይነት ጠይቂ። ኔጌቲቭ ከሆነ ራስሽ ዕወቂው፤ ባልሽ ወይም እናቱ ቢያውቁ አንቺ እንዳወቅሽ አይቆጠርም። ያስወረደሽም ቢሆን፣ በእርግዝና መሐል ደም ቢታይሽም ለሐኪም ንገሪ፤ ያኔም መርፌ ሊያስፈልግ ይችላል። ወልደሽ ደክመሽ ሳለ የሚሰጥ ወረቀት ካለ አስነስተው ያንብቡልሽ። ዛሬ መርፌው ብዙ ቦታ አለ፤ በእርግዝና መሐልም ይሰጣል ይላሉ። ሕፃንሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢጫ ከሆነ ባለመድኃኒት አትጠብቂ፤ ሰዓት ነው የሚገድለው። እኔ ባለፍኩበት ካለፍሽም፣ ሰውነትሽ ልጅሽን አልጠላውም። ይህን ደጋግመሽ አንብቢው። እኔ ለማመን ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ አንዳንድ ቀን አሁንም አላምነውም።

የማመሰግናቸው አሉ። ካርዴ ላይ በጥንቃቄ የጻፈችውን አዋላጅ፤ ሥራዋን ሠርታለች። እውነቱን ሳያጣፍጥ የነገረኝን ሐኪም። መኪናቸውን አቁመው የተመረመሩትን ሾፌሮች። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ደሙን ሰጥቶ ወደ ክፍሉ የተመለሰውን መምህር። ግርማን።

አንዷን አላመሰግንም፤ ይቅርም አላልኳትም። የባሌ እናት ሕመሟ ሲጠና ሁለት ሽማግሌዎች ላከችብኝ። ተቀበልኳቸው፣ አስቀመጥኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ ወረቀቱ እጇ እንደነበር በእድሩ ሴቶች ፊት ትናገር አልኩ። ሄደው ተመለሱ። ለንስሐ አባቷ ተናግራለች፣ ይበቃል ብላለች አሉ።

«ለእሳቸው ሳይሆን ለቦኖው ሰልፍ ነው የምትናገረው» አልኳቸው።

ትልቁ ሽማግሌ ተነፈሰ። ዮናስ ግቢ ውስጥ እንጨት እየላገ ነበር፤ በመስኮቱ አሳየኝ።

«ልጄ፣ ይኸው ዳነልሽ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሞ እየሠራ ነው። አሁን ምን ቀረ?»

«ሁለት ቀሩ» አልኩት።